በፊድባክ ድሮን ድምፅ መስራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሀዋሳ ነው። ስራዬ ሳውንድ ነው፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ስብሰባ። ቀን ቀን የሚከፈለኝ ፊድባክ፣ ማለትም የማይክ ፉጨት፣ እንዳይመጣ ስለምጠብቅ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ ያንኑ ፊድባክ ጠርቼ፣ አለዝቤ፣ ረጅም ድምፅ እሰራበታለሁ። የሰራሁትን በቴሌግራም የሰሙ ልጆች ብዙ ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። አንዳንዱ አጭር መልስ ይበቃዋል። አንዳንዱ ላይ ግን ቁጭ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል።

ድሮን ስትል የሚበረውን ነው?

አይደለም። ሙዚቃ ውስጥ ድሮን የሚባለው ሳይቋረጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ድምፅ ነው። ዜማው ከላይ ይሄዳል፣ እሱ ከስር ቁጭ ይላል። አንዳንዴ ዜማም የለም፤ እሱ ራሱ ሙዚቃው ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ድንጉላ ንብ ማለትም ነው። የንቡን እምምታ አስቡት፣ ገባችሁ ማለት ነው። የህንዱ ታንፑራና የስኮትላንዱ ባግፓይፕ እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘው ነው የሚጫወቱት።

የእኛም ጆሮ ለዚህ ባዳ አይደለም። በገናን አስቡት። 10 አውታር አለው። አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ እየነካካት ይነዝራል። በገናን በገና የሚያደርገው ያ ንዝረት ነው። በጾም ወቅት በሬዲዮ ሰምታችሁ ደረታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ሲረጋ ከተሰማችሁ፣ እኔ የምፈልገው ድምፅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ፊድባክ እኮ ማይክ ሲጮህ ነው። እንዴት መሣሪያ ይሆናል?

ማይክ ከሞንታርቦ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ያፏጫል። ሰው ጆሮውን ይይዛል። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ሚክሰር ላይ ያለውን ሰው ያያል። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ይሄ ደርሶብኛል፤ ያ ዝምታ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል።

የሚሆነው ነገር ይሄ ነው። ማይኩ ትንሽ ድምፅ ይሰማል። አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። ስፒከሩ ያወጣዋል። ማይኩ ያንኑ መልሶ ይሰማዋል። እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይወጣል። ዙር ሆነ ማለት ነው። በዴንማርካዊው ፊዚሲስት በሶረን ላርሰን ስም ላርሰን ኢፌክት ይሉታል።

ዙሩ ግን ያገኘውን ድምፅ ሁሉ አያሳድግም፤ ይመርጣል። ለመመረጥ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ድምፁ ዞሮ ሲመለስ ቢያንስ የሄደበትን ያህል ጉልበት ይዞ መምጣት አለበት። ሁለተኛ፣ ሲመለስ ከራሱ ሞገድ ጋር እግር መግጠም አለበት። እስክስታ ላይ ትከሻቸው እኩል የሚወርድ የሚወጣ ሁለት ሰዎችን አስቡ። እንደዚያ ከሆነ ይደጋገፋሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ይጠፋፋሉ። ይህ ሕግ በጀርመናዊው ሃይንሪክ ባርክሃውዘን ስም ይጠራል። ሬዲዮ ውስጥ ያለውም፣ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያመነጭ የሙዚቃ መሣሪያ) ውስጥ ያለውም ኦሲሌተር፣ ማለትም ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል፣ የሚኖረው በዚሁ ሕግ ነው። እንግዲህ የምንፈራው ፉጨትና የምንወደው የኪቦርድ ድምፅ ከአንድ ቤት ነው የወጡት።

በቁጥር እንየው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ማይኩና ስፒከሩ 1 ሜትር ቢራራቁ ዙሩ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። እግር የሚገጥሙት ድምፆች በ343 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገቡበት ብዛት) ልዩነት ይደረደራሉ። 2 ሜትር ብታርቁት ልዩነቱ ወደ 171 ኸርዝ ይወርዳል። ዘፋኙ ማይክ ይዞ ሲንቀሳቀስ ፉጨቱ ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሀዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ይለይ ይሆን ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ከፍታው የድምፅን ፍጥነት አይቀይረውም። የሚቀይረው የአየሩ ሙቀት ነው።

ለዚህ የግድ ውድ ሲንተሳይዘር ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ለፊድባክ ታስበው የተሰሩ ቆንጆ መሣሪያዎች አሉ። ላይራ 8 ከእነሱ አንዱ ነው። 8 ድምፅ አለው። የፒያኖ ቁልፍ የለውም፤ በጣት የሚነኩ ብረቶች ናቸው ያሉት። ድምፆቹ አንዱ ሌላውን ያናውጣሉ። የመሣሪያው ሙሉ ድምፅ ዞሮ መልሶ እነሱኑ እንዲያናውጣቸው የሚያደርግ ማብሪያም አለው። እጅ ላይ ቢገባኝ ደስ ይለኛል። ግን የውጭ ምንዛሬውን፣ ማጓጓዣውንና ቀረጡን ደምሩት።

እኔ የጀመርኩት ከስራ በተረፈ ባለ 6 ቻናል አሮጌ ሚክሰርና በአንድ የጃክ ገመድ ነው። ጃፓናዊው ቶሺማሩ ናካሙራ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሚክሰር ብቻ ሙዚቃ ሲሰራ ኖሯል። ሚክሰሩ ውስጥ ምንም አይሰካም፤ መውጫው መልሶ መግቢያው ላይ ይሰካል፣ በቃ። ፈረንሳዊቷ ኤሊያን ራዲግም ወደ ትልቁ ሲንተሳይዘር ከመሄዷ በፊት፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ፣ በማይክና በቴፕ ፊድባክ ነበር የምትሰራው። በዝግታ የሚለወጥ ድምፅ ምን ያህል ሊያሳምም እንደሚችል መስማት ከፈለጋችሁ እሷን ፈልጉ። ማሳመም ስል በደህናው ነው፤ ትዝታ እንደሚያሳምመው።

እሺ፣ ሚክሰር አለኝ። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር ዝቅ አድርጉ። ጌን (የመግቢያው ማጉያ)፣ ፌደር (የየቻናሉ መጠን)፣ ማስተር (የጠቅላላው መጠን)፣ ሁሉም ዜሮ። ፋንተም ፓወር (ለማይክ ኤሌክትሪክ የሚልከው) ካለው አጥፉት። የምትሰሙበትን ስፒከር ዝቅ አድርጉ። ሄድፎን አታድርጉ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ከኦክስ መውጫው (ከዋናው መውጫ ሌላ፣ ድምፅ ለብቻ የሚላክበት) የጃክ ገመድ አውጡና ቻናል 1 ላይን መግቢያ ላይ ሰኩት። ዙሩ ተዘጋጀ፤ ግን ገና ዝም ብሏል። የኦክሱን ማስተር ግማሽ ላይ አድርጉት። የቻናል 1ን ፌደር ግማሽ፣ ዋናውን ማስተር እስኪሰማ ድረስ ብቻ። ከዚያ ቻናል 1 ላይ ያለችውን የኦክስ ማዞሪያ በጣም ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ኦክሱ ከፌደሩ በኋላ የሚወስድ ከሆነ ፌደሩም ዙሩን ይቆጣጠራል። ከፌደሩ በፊት ከሆነ ፌደሩ የሚቀንሰው የምትሰሙትን ብቻ ነው፤ ዙሩ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። የቱ እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ይነሳል። አንዳንዴ እንደ ወፍ ቀጭን ነው፣ አንዳንዴ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ወፍራም። ደንግጣችሁ አትዝጉት። ትንሽ መልሱና ጠብቁት። ከዚያ ወደ ኢኳላይዘሩ ሂዱ። ከላይ እንዳልኩት ዙሩ የሚመርጠው ጉልበት ያገኘውን ድምፅ ነው። ሃዩን ስትቀንሱ ፉጨቱ ይሞታል። ቤዙን ስትጨምሩ ከስር ሌላ ድምፅ ይነሳል።

የመጀመሪያውን ማታ አልረሳውም። ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሚድ የሚለውን ማዞሪያ ይዤ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል አዞርኩት። ድምፁ ቀስ ብሎ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ባለበት ቆየ። ሌላ የክብሪት እንጨት ያህል ጨመርኩ። አሁንም ቆየ። በሶስተኛው ዘለለ፤ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው አንድ እርከን ወረደና እዚያ ተቀመጠ። ልመልሰው ማዞሪያውን ወደነበረበት ሳዞር አልተመለሰም። ያገኘውን ቦታ ወዶታል። ማዞሪያውን ከነበረበት አሳልፌ ስወስደው ነው ወደ ላይ የዘለለው። ዙሩ የነበረበትን ያስታውሳል፤ አንድ ማዞሪያ አንድ ድምፅ ማለት አይደለም። እዚያ ማታ ላይ የገባኝ፣ ይህን መሣሪያ ማዘዝ እንደማይቻል ነው። ትሰሙታላችሁ፣ ትንሽ ትነኩታላችሁ፣ መልሱን ትጠብቃላችሁ።

አንዱ ዙር ሲገባችሁ ሁለተኛ ጨምሩ። ሁለተኛ ኦክስ ካለ ወደ ቻናል 2 ይሂድ። ከዚያ ቻናል 1ን ወደ ሁለተኛው ኦክስ፣ ቻናል 2ን ወደ አንደኛው በጥቂቱ ላኩ። ሁለቱ ዙሮች አንዱ ሌላውን መጎተት ይጀምራሉ። ድምፁ መተንፈስ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚመልስ መሣሪያ) ካላችሁ መሃል ላይ አስገቡት፤ ዙሩ ይረዝማል፣ ለውጡም ይዘገያል። ለድሮን ዝግታ ጥሩ ነው።

ወይ ይጠፋብኛል፣ ወይ ይጮህብኛል። መሃል ላይ ማቆም አልቻልኩም

ይሄ የሁሉም ጥያቄ ነው። የእጅ ድክመት እንዳይመስላችሁ፤ ሂሳቡ ራሱ ነው።

ዙሩ 3 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ በአንድ ሰከንድ 333 ጊዜ ይዞራል። በየዙሩ ድምፁ በ0.99 ቢባዛ፣ ማለትም 1 በመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ከመቶው 3 ወይም 4 ብቻ ይቀራል። በ1.01 ቢባዛ ደግሞ በዚያው ሰከንድ ከ27 እጥፍ በላይ ያድጋል። በመጥፋትና በመጮህ መካከል ያለው ልዩነት 2 በመቶ ነው ማለት ነው። ማንም እጅ ይህን በቀጥታ አይዘውም።

ስለዚህ ዙሩ ውስጥ ራሱን የሚገታ ነገር አስገቡ። ኮምፕረሰር ወይም ሊሚተር ጥሩ ነው፤ ድምፁ ሲያድግ ይጫነዋል፣ ሲያንስ ይለቀዋል። ለስላሳ ዲስቶርሽንም (ድምፁን ትንሽ የሚያሻክር ነገር) ያንኑ ይሰራል፤ በዚያ ላይ ድምፁን ያወፍረዋል። ምንም ባታስገቡም ሚክሰሩ ራሱ ጫፍ ሲደርስ ይቆርጠዋል። ያ ግን ሸካራ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ጆሮ አይችለውም። ሌላው ዘዴ ዙሩን ማስረዘም ነው። ዲሌዩን 300 ሚሊ ሰከንድ ስታደርጉት በሰከንድ ሶስት ጊዜ ገደማ ብቻ ይዞራል። ያኔ እጃችሁ ይደርሳል።

አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ማዞሪያውን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን አንሱና አስር ቁጠሩ። አብዛኛው ጀማሪ ድምፁን የሚያጣው መልሱን ሳይጠብቅ ደግሞ ስለሚነካው ነው።

ሚክሰር የለኝም። ያለኝ ላፕቶፕ ነው

ይበቃል። ቪሲቪ ራክ የሚባል የድምፅ መስሪያ ፕሮግራም ነጻ ስሪት አለው። ስክሪኑ ላይ ኦሲሌተር፣ ፊልተር (ከድምፁ የተወሰነውን ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ዲሌይ ትደረድሩና በገመድ ታገናኛላችሁ፤ እውነተኛውን የሞጁላር መሣሪያ፣ ማለትም ከተለያዩ ክፍሎች በገመድ የሚገጣጠመውን ሲንተሳይዘር፣ ይመስላል። ኦሲሌተሩን ተዉት። ፊልተር፣ ዲሌይ፣ ሚክሰር አገናኙና የሚክሰሩን መውጫ ወደ ፊልተሩ መልሱ። ለማስነሳት ቅንጣት ኖይዝ (ሽሽ የሚል ድምፅ) ስጡት፣ ከዚያ ኖይዙን ዝጉ። የፊልተሩን ሬዞናንስ ስትጨምሩ ራሱ ይዘምራል። ሬዞናንስ ማለት ራሱ ፊልተር ውስጥ ያለ ፊድባክ ነው።

ፒውር ዳታ የሚባለው ፕሮግራምም ነጻ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሰራል። አንድ ነገር እወቁ፤ ድምፁን በ64 በ64 ናሙና (በየቅጽበቱ የሚወሰድ የድምፅ ልኬት) ስለሚያሰላ በዲሌይ የሚሰራ ዙር ብዙውን ጊዜ ከ1.45 ሚሊ ሰከንድ አያጥርም። በሰከንድ 44,100 ናሙና ሂሳብ የዙሩ መነሻ ድምፅ ከ689 ኸርዝ በላይ አይወጣም ማለት ነው። ለድሮን ይበቃል። ወፍራሙን ነው የምንፈልገው።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ የስልኩን ማይክ በብሉቱዝ ስፒከር አውጥታችሁ ሞክሩት። ማይኩን በቀጥታ ወደ ስፒከር የሚያወጣ መተግበሪያ ያስፈልጋችኋል። ብሉቱዝ ስለሚዘገይ ፉጨት ሳይሆን ቀስ እያለ የሚከማች ማሚቶ ታገኛላችሁ። ይህ ራሱ ቆንጆ ድምፅ ነው።

ቤት ያለው አሮጌ ኦርጋን ይሆናል?

ኤፍኤም የሚሰራ ከሆነ አዎ፤ ሬዲዮውን ሳይሆን አንዱ ድምፅ ሌላውን እያናወጠ የሚሰራበትን ዘዴ ማለቴ ነው። በፈረንጆቹ 1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 በ6 ኦፕሬተርና (ድምፅ አመንጪ) እነሱ በሚያያዙባቸው በ32 አሰላለፍ ነው የሚሰራው። በእያንዳንዱ አሰላለፍ ውስጥ ፊድባክ ያለበት ቦታ አለ፤ መጠኑ ከ0 እስከ 7 ይስተካከላል። 0 ላይ ድምፁ ልስልስ ነው። ስትጨምሩ እንደ መሲንቆ ይከረክራል። መጨረሻው ላይ ወደ ሹክሹክታ ይጠጋል። ዴክስድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ መሣሪያ ላፕቶፕ ላይ ያመጣላችኋል። ተራ የሰርግ ኦርጋን ግን ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ የለውም። እሱን በጃክ አውጥታችሁ ሚክሰሩ ዙር ውስጥ አስገቡት።

ከቅኝቶቻችን ጋር ይሄዳል?

ይሄዳል፤ ግን የቱን ድምፅ ከስር እንደምታስቀምጡ ማሰብ አለባችሁ። ብዙ ሰው ድሮን ሲባል መነሻውንና አምስተኛውን፣ ዶንና ሶልን፣ ይይዛል። ትዝታ ላይ ያምራል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፣ ሶል አለበት። ባቲና አምባሰል ላይም ሶል አለ። አንቺሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ንጹሕ ሶል የለውም። ከስር ሶልን ካስቀመጣችሁ ዘፋኙ ሶል ፍላቱን በነካ ቁጥር ይጋጫል። አንድ ልጅ አንቺሆዬ እየዘፈነ አብረን ስንሞክር ይሄ ሆነ። ድምፁን እያሻሸ ሊያስተካክል ታገለ። ጥፋቱ ከስር የያዝኩት ሶል ነበር። ሶሉን ወደ ፋ ሳወርደው ወዲያው ፊቱ ተፈታ። ለአንቺሆዬ መነሻውን ብቻ፣ ወይም መነሻውንና ፋን ያዙ።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። ፊድባክ እንደ ኦርጋን በ12 ቁልፍ አልታጠረም። አምስተኛውን በጆሮ ስትፈልጉ የምታገኙት ንጹሑን ነው። 100 ኸርዝ ከያዛችሁ አምስተኛው 150 ነው። ኦርጋን ግን 149.83 ነው የሚሰጣችሁ። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ድምፁ ለደቂቃዎች ሲቆይ ግን በየ3 ሰከንዱ አንዴ ገደማ ሲወዛወዝ ይሰማል። መወዛወዙን ከወደዳችሁት ሆን ብላችሁ ፍጠሩት። 110 እና 110.5 ኸርዝ አንድ ላይ ብታስቀምጡ በየ2 ሰከንዱ አንዴ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ ወደ 5 ሰከንድ ሲረዝም እወዳለሁ። አተነፋፈስን ይከተላል።

የመብራቱ ሃም ያስቸግረኛል

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሃሙም፣ ማለትም ከመብራቱ የሚገባው እምምታ፣ 50፣ 100፣ 150 እያለ ይወጣል። ወፍራሙ የሶል ድምፅ 49 ኸርዝ ገደማ ነው። ሃሙ ከሶል የግማሽ ድምፅ አንድ ሶስተኛ ያህል ከፍ ይላል፤ ዜማችሁ ሶል ላይ ከሆነ ጆሮ የሚያሳክከው ለዚህ ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይጠፋል። ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ። የመሬት ገመዱን ግን በፍጹም አትቁረጡ፤ ሰው ይገድላል።

ካልጠፋ አስታርቁት። እኔ ድሮኑን በሙሉ ወደ 50 አስተካክለዋለሁ። 100 እና 150 ላይ እሰራለሁ። ያኔ ሃሙ የድምፁ አካል ይሆናል።

ጆሮዬን ይጎዳል?

ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ላይ አልደራደርም። 85 ዴሲቤል ላይ በቀን 8 ሰዓት ነው ወሰኑ። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ፊድባክ ደግሞ በቅጽበት ይዘላል። ሄድፎን አታድርጉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ለመቅረጽ የግድ ከሆነ ከዙሩ ውጭ፣ መጨረሻው መውጫ ላይ ሊሚተር አድርጉ፣ ከዚያም ሄድፎኑን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ቀጭን ፉጨት የስፒከሩን ትዊተርም (ቀጭን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር) ያቃጥላል። የጆሮና የትዊተር ልዩነቱ፣ ትዊተር በመቶ ብር ይሁን በሺህ ይቀየራል።

ጎረቤት አይቆጣም?

ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አይከለክለውም። በራችሁን ብትዘጉም ከግቢው ማዶ ይሰማል። አከራዬ አንድ ማታ በሩን አንኳኩና «ልጄ፣ የውሃ ፓምፑን ከፍተህ ረስተሃል እንዴ?» አሉኝ። «እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ይግቡ» አልኳቸው። ገብተው ቁጭ አሉ። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «በገና ይመስላል» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ዝቅ አደርጋለሁ፣ እሳቸውም አያንኳኩም። ስፒከሩን ከወለሉ ላይ አንስታችሁ ፍራሽ ወይም ስፖንጅ ላይ አስቀምጡት፤ ይህ ብቻውን ብዙ ይቀንሳል።

መብራት ሲሄድስ?

ስፒከሩን ወዲያው አጥፉ። መብራት ሲመጣ ሚክሰሩ ይቅደም፣ ስፒከሩ ይከተል። ማዞሪያዎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። ያንኑ ድምፅ አታገኙትም፤ ግን ሰፈሩን ታገኛላችሁ።

እንዴት ልቅረጸው?

ከሚክሰሩ በገመድ ቅረጹ። በስልክ ማይክ ከቀረጻችሁት ስልኩ ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርግባችኋል፤ የደከማችሁበት ቀስ ያለ ለውጥ ሁሉ ይደፈጠጣል። ከፍተኛው ቦታ ከጫፉ 12 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። 10 ደቂቃ በስቴሪዮ፣ በ24 ቢት ዌቭ ሲቀረጽ ወደ 159 ሜጋ ባይት ይይዛል። ለጓደኛ ስትልኩ በሰከንድ 192 ኪሎ ቢት ወደ ኤምፒ3 ቀይሩት፣ 14 ሜጋ ገደማ ይሆናል። ዳታ ይቆጥባል።

በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሰው ግን ወፍራሙን አይሰማውም። 50 ኸርዝ ትንሿ ስፒከር ውስጥ የለም። ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን ጨምራችሁ 150፣ 200፣ 250ን አብራችሁ ብታወጡ፣ ጆሮ ከእነሱ ተነስቶ የሌለውን 50 ራሱ ይሞላዋል።

የሀይቁን ድምፅ መጨመር ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔ አሁን ያለሁት እዚያ ላይ ነው። ጠዋት በማለዳ አሞራ ገደል ሄጄ እቀርጻለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲጎትቱ እንጨቱ ድንጋይ ላይ ይፈጨፈጫል። አባ ኮዳዎቹ መንቆራቸውን ያንኳኳሉ። ውሃው ከስር ድምፅ ያሰማል፤ እሱን ለመስማት ግን ሰው እስኪሄድ መጠበቅ ነው።

የቀረጻችሁትን ቻናል 3 ላይ አስገቡና በጥቂቱ ወደ ኦክሱ ላኩት። ዙሩን ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው፣ ገና ዝም ባለበት ቦታ ላይ ያዙት። ያኔ ዙሩ የራሱን ድምፅ አያወጣም። ከመጣለት ድምፅ ውስጥ የሚስማማውን እየመረጠ ያስተጋባል። አንድ ቅጂ አለኝ፤ ሞተር ጀልባ ከዳር ይነሳል፣ እየራቀ ይሄዳል። ዙሩ የሞተሩን ድምፅ ሲያልፍ ያዘው። ጀልባው ከሄደ በኋላ ድምፁ ቀረ፣ እየሳሳ። አባ ኮዳዋ ስታንኳኳ በየምቱ ነቃ እያለ እንደገና ይተኛል። ርዝመቱ 11 ደቂቃ ነው። አልቆረጥኩትም።